የአንዱ ዋጋ፤ ንጽጽርና ምጣኔ ከገበያ እስከ ጥቁር ሰሌዳ

የመካከለኛ ደረጃ የሒሳብ መምህራን በየዓመቱ በጥቁር ሰሌዳ ላይ የሚጽፉት አንድ ዓይነት ጥያቄ አለ። ይኸውም «4 ክንድ ጨርቅ በ12 ብር ቢገዛ 20 ክንድ በስንት ብር ይገዛል?» የሚል ነው። ተማሪው ቁጥሮቹን በተማረው መሠረት ጎን ለጎን ያስቀምጣል፤ በመስቀል 12ን በ20 አባዝቶ 240 ያገኛል፤ 240ን ለ4 አካፍሎም «60 ብር» ሲል ይመልሳል። መልሱ ትክክል ስለሆነ ነጥቡ ይያዝለታል። ነገር ግን መምህሩ በዚያው አፍታ «በመካከል የተገኘው 240 ምንድን ነው? ብር ነው ወይስ ክንድ? ብር ከሆነስ የምን ያህል ጨርቅ ዋጋ ነው?» ብሎ ቢጠይቅ ብዙ ጊዜ የሚያገኘው መልስ ዝምታ ነው።

ይህ ዝምታ ከተማሪው ስንፍና ብቻ የመነጨ አይደለም። በአንድ ምዕራፍ ውስጥ ሦስት የተለያዩ ሐሳቦች ታጭቀው ስለሚገኙ ነው። አንደኛው ንጽጽር ሲሆን፣ ዓይነታቸው አንድ የሆነ ሁለት መጠኖችን፣ ክንድን ከክንድ፣ ብርን ከብር ጋር ማመዛዘን ነው። ሁለተኛው ምጣኔ ሲሆን፣ ዓይነታቸው የተለያየ መጠኖችን፣ ብርን ከክንድ፣ መንገድን ከሰዓት ጋር ማያያዝ ነው። ሦስተኛው የአንዱ ምጣኔ ነው፤ ይኸውም ያንኑ ግንኙነት ወደ አንድ አውርዶ «ለአንድ ክንድ 3 ብር» ብሎ መናገር ነው። በመማሪያ መጽሐፍ ሦስቱ በጥቂት ገጾች ተከታትለው ይቀርባሉ። በሰው ልጅ ታሪክ ግን በተለያየ አገርና ዘመን የበቀሉ፣ አልፎ አልፎም እርስ በርሳቸው የተጋጩ ሐሳቦች ናቸው። ታሪካቸውን መመርመር፣ ልጆች ከዚህ ምዕራፍ ሲደርሱ ለምን እንደሚደናቀፉና እንዴት ሊረዱ እንደሚችሉ ያመለክታል። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የግብፅ ጋጋሪዎችና ጠማቂዎች

አሌክሳንደር ሄንሪ ራይንድ የተባለ ስኮትላንዳዊ በ1858 ሉክሶር ላይ አንድ የፓፒረስ ጥቅል ገዛ። ከ1865 ጀምሮ በብሪቲሽ ሙዚየም የሚገኘውን ይህን ጥቅል አሕሞስ የሚባል ጸሐፊ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1550 ገደማ፣ ከእርሱም ዘመን ከቀደመ ጽሑፍ ገልብጦታል። በውስጡ ከሚገኙት ጥያቄዎች አንዱ ክፍል የሚናገረው ስለ ዳቦና ስለ ቢራ ነው። ይህም የሚያስደንቅ አይደለም፤ የግብፅ ሠራተኛ ደመወዙን የሚቀበለው በእህል፣ በዳቦና በቢራ ነበርና፣ መዝጋቢው ምን ያህል እህል እንደወጣና ምን ያህል ዳቦ እንደገባ መቆጣጠር ነበረበት።

ለዚህ ቁጥጥር ግብፃውያን «ፔሱ» የተባለ መለኪያ ነበራቸው። ፔሱ ማለት ከአንድ ሄቃት እህል የተገኘው የዳቦ ወይም የማሰሮ ቢራ ብዛት ነው፤ ሄቃት ደግሞ ወደ 5 ሊትር የሚጠጋ የእህል መስፈሪያ ነበረ። ፔሱው 10 የሆነ ዳቦ ማለት ከአንድ ሄቃት 10 የተጋገረለት ነው። ፔሱው 45 ከሆነ ከዚያው ሄቃት 45 ዳቦ ስለወጣ እያንዳንዱ ትንሽ ነው። ስለዚህ የፔሱ ቁጥር ሲጨምር የአንዱ ዳቦ እህል ይቀንሳል፤ ቢራውም ይቀጥናል።

ከጥያቄዎቹ በአንዱ ፔሱአቸው 10 የሆነ 100 ዳቦዎች ፔሱው 15 በሆነ ዳቦ ቢለወጡ ስንት እንደሚሆኑ ይጠየቃል። ጸሐፊው 100ን ለ10 አካፍሎ 10 ሄቃት ያገኛል፤ 10ን በ15 አባዝቶም 150 ዳቦ ይላል። በሌላው ጥያቄ እነዚያው 100 ዳቦዎች ፔሱው 2 በሆነ ቢራ ይለወጣሉ፤ 10 ሄቃት በ2 ሲባዛ 20 ማሰሮ ይሆናል። በዚህ አሠራር ውስጥ በመካከል የሚገኘው 10 ባለቤት ያለው ቁጥር መሆኑን ማስተዋል ይገባል። 10 ሄቃት እህል ነው፤ በጎተራ ሊሰፈር ይችላል። ዳቦና ቢራ በቀጥታ ባይመዛዘኑም ሁለቱም ወደ መጡበት እህል ሲመለሱ ይገናኛሉ። የአንዱ ምጣኔ በጽሑፍ ከሚታወቅባቸው ጥንታዊ ቦታዎች አንዱ ይህ ሲሆን፣ የተነሣውም በእንጀራ ጉዳይ ነው።

ሦስቱ ሕግ በቻይናና በሕንድ

በሃን ሥርወ መንግሥት ዘመን የተጠናቀረው «የሒሳብ ጥበብ ዘጠኝ ምዕራፎች» የተባለው የቻይና መጽሐፍ ሁለተኛ ምዕራፉን የሚጀምረው በእህል ልዋጭ ሠንጠረዥ ነው። በሠንጠረዡ መሠረት ያልተፈተገ ሚሌት 50 ቢሆን፣ በመጠኑ የተፈተገው 30፣ ይበልጥ የተፈተገው 27፣ ከዚያም 24፣ ለቤተ መንግሥት የሚቀርበው 21 ነው። እህሉ በተፈተገ ቁጥር ገለባው እየወጣ መጠኑ ስለሚያንስ፣ ሠንጠረዡ የወፍጮውን ሥራ በቁጥር የሚገልጽ ነው። የመጀመሪያው ጥያቄ 1 ዶው፣ ማለትም 10 ሸንግ፣ ያልተፈተገ ሚሌት በመጠኑ ከተፈተገው ስንት እንደሚሆን ይጠይቃል። ደንቡ በእጅ ያለውን መጠን በሚፈለገው ምጣኔ ማባዛትና በእጅ ላለው ምጣኔ ማካፈል ነው፤ 10 በ30 ተባዝቶ ለ50 ሲካፈል 6 ሸንግ ይሆናል። በ263 ለመጽሐፉ ማብራሪያ የጻፈው ሊዩ ሁዪ ይህን ደንብ ለሁሉ የሚያገለግል አጠቃላይ ሥርዓት ሲል አድንቆታል።

በሕንድ አርያብሃታ በ499 በጻፈው ሥራ ያንኑ ደንብ «ሦስት መጠኖች» በሚል ስም አስቀምጦታል። ሦስቱ ቁጥሮች መለኪያ፣ ፍሬና ፍላጎት ይባላሉ። ፍሬው በፍላጎቱ ይባዛል፤ ለመለኪያውም ይካፈላል። ብራህማጉፕታ በ628 ደንቡን ይበልጥ አብራርቶ፣ የመጀመሪያውና የመጨረሻው ቁጥር ዓይነታቸው አንድ እንዲሆን፣ የመካከለኛው ግን የተለየ እንዲሆን አዟል። በ1150 «ሊላቫቲ» የተባለውን መጽሐፍ የጻፈው ባስካራ፣ ፈጣሪ በዓለሙ ሁሉ እንደሚገኝ ሁሉ ይህም ሕግ በሒሳብ ሁሉ ውስጥ ይገኛል እስከማለት ደርሷል። ከምሳሌዎቹ አንዱ 2 ተኩል ፓላ ሻፍሮን በአንድ ኒሽካ ሦስት ሰባተኛ ቢሸጥ በ9 ኒሽካ ስንት ይገዛል የሚል ነው፤ መልሱ 52 ተኩል ፓላ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ትልቅ ለውጥ ሳይታወቅ ተፈጽሟል። ግብፃዊው መጀመሪያ አካፍሎ በኋላ ሲያባዛ፣ ቻይናዊውና ሕንዳዊው አስቀድመው ያባዛሉ፤ የሚያካፍሉት በመጨረሻ ነው። ምክንያቱ ጥበብ ያለበት ነው። አስቀድሞ ማካፈል ክፍልፋይን ሊያስከትል ስለሚችል ሥራው ይወሳሰባል፤ ማካፈሉ ለመጨረሻ ከቆየ ግን ሒሳቡ እስከ ፍጻሜው በሙሉ ቁጥር ይካሄዳል። ይህ ምቾት ግን ያለ ዋጋ አልተገኘም። በመካከል የነበረው «10 ሄቃት» ጠፍቶ በስፍራው ስም የሌለው ቁጥር ተተካ። ዛሬ ተማሪው ፊት የሚቆመው 240 የዚያ ቁጥር ልጅ ነው።

የግሪኮች ክልከላ

በሜዲትራኒያን ማዶ ጉዳዩ ሌላ መልክ ይዞ ነበር። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ300 ገደማ ኤውክሊድ ባዘጋጀው «ኤሌሜንትስ» መጽሐፍ አምስተኛ ክፍል፣ የንጽጽር ትምህርት ጥብቅ መሠረት አገኘ። ይህ ትምህርት ከእርሱ አስቀድሞ የነበረው የኤውዶክሶስ ሥራ እንደሆነ ይታመናል። እንደ ኤውክሊድ ትርጉም ንጽጽር የሚኖረው ዓይነታቸው አንድ በሆነ ሁለት መጠኖች መካከል ብቻ ነው። መስመር ከመስመር፣ ስፋት ከስፋት፣ ጊዜ ከጊዜ ጋር ይነጻጸራል። መስመርን ከጊዜ ጋር ማነጻጸር ግን ትርጉም የለውም፤ አንዱ ተደጋግሞ ሌላውን ሊበልጥ አይችልምና። የቱንም ያህል ክንድ ቢደማመር አንድ ሰዓት አይሆንም።

ክልከላው ከጠባብነት የመጣ አልነበረም። ግሪኮች የአንድ አራት ማዕዘን ጎንና ሰያፍ በምንም ሙሉ ቁጥር ንጽጽር ሊገለጹ እንደማይችሉ ደርሰውበት ስለነበረ፣ ቁጥርን ሳይታመኑ ስለ መጠን በእርግጠኝነት የሚናገሩበትን መንገድ ይፈልጉ ነበር። የኤውዶክሶስ ትምህርት ያን መንገድ ሰጣቸው። ይሁንና ውጤቱ ምጣኔን፣ ማለትም ብርን ለክንድ፣ መንገድን ለሰዓት፣ ከንጹሕ ሒሳብ ደጃፍ ውጭ ማስቀረት ሆነ። ነጋዴው በገበያ ያለ ሐሳብ የሚጠቀምበት ነገር በሊቁ መጽሐፍ ውስጥ ስም አልነበረውም።

ዛሬ አንድ መምህር «ንጽጽር አሐድ የለውም፤ ምጣኔ ግን አሐድ አለው» ብሎ ሲያስተምር ያንኑ ጥንታዊ ድንበር እያሰመረ ነው። 20 ክንድ የ4 ክንድ 5 እጥፍ ነው ሲባል 5 ባዶ ቁጥር ነው። 12 ብር ለ4 ክንድ ሲካፈል ግን የሚገኘው 3 ባዶ አይደለም፤ ብር በክንድ ነው። ሁለቱም መንገዶች ወደ 60 ብር ያደርሳሉ። በመጀመሪያው መንገድ ክንድ ከክንድ ጋር ተነጻጽሮ እጥፉ ወደ ብሩ ይሻገራል፤ በሁለተኛው የአንዱ ክንድ ዋጋ ተገኝቶ ይባዛል። የመጀመሪያው የኤውክሊድ፣ ሁለተኛው የግብፅ ጋጋሪ መንገድ ነው ማለት ይቻላል።

ከባግዳድ እስከ ቬኒስ

የሕንድን የነጋዴ ደንብና የግሪክን የንጽጽር ትምህርት በአንድ ጠረጴዛ ያገናኙት በዐረብኛ የጻፉ ሊቃውንት ናቸው። በ820 ገደማ በባግዳድ የአልጀብራን መጽሐፍ ያዘጋጀው አል-ኸዋሪዝሚ ስለ ንግድ ግንኙነት አንድ አጭር ምዕራፍ ጽፏል። በዚያ ምዕራፍ እንደተገለጸው፣ በሰዎች መካከል የሚደረግ መሸጥና መግዛት ሁሉ በአራት ቁጥሮች ይጠቃለላል፤ እነርሱም መስፈሪያው፣ ዋጋው፣ የሚፈለገው መጠንና የሚከፈለው ገንዘብ ናቸው። «10 በ6 ቢሆን በ4 ስንት ይገኛል?» የሚል ምሳሌ ይሰጣል። 10 በ4 ሲባዛ 40፣ 40 ለ6 ሲካፈል 6 ከሁለት ሦስተኛ ነው። በ11ኛው ምዕተ ዓመትም አል-ቢሩኒ ስለ ሕንዶች የሦስቱ ሕግና ስለ ተከታዮቹ፣ ማለትም ስለ አምስቱ፣ ስለ ሰባቱና ከዚያም በላይ ስለሆኑት ሕጎች ራሱን የቻለ ጽሑፍ አበርክቷል።

ከዚያ በኋላ ደንቡ ከሸቀጥ ጋር ባሕር ተሻገረ። የፒዛው ሌዎናርዶ፣ ፊቦናቺ በመባል የሚታወቀው፣ በልጅነቱ አባቱ በጉምሩክ ጉዳይ ተሹሞ ይሠራባት በነበረችው በሰሜን አፍሪካዋ የቡጂያ ወደብ የሕንድን ቁጥሮች ተማረ። በ1202 በጻፈው «ሊበር አባቺ» ውስጥ አራቱን ቁጥሮች በአራት ማዕዘን አቀማመጥ አስፍሮ የሚባዙትን በሰያፍ ያገናኛቸዋል። ዛሬ «በመስቀል ማባዛት» የሚባለው አሠራር በዚያ ሰያፍ መስመር ላይ በግልጽ ይታያል። በኢጣልያ ከተሞች የነጋዴ ልጆች በንግድ ሒሳብ ትምህርት ቤቶች ይህን ደንብ እንደ ጸሎት ይደግሙት ነበር። በ1478 በትሬቪዞ የታተመውና ዘመኑ ከሚታወቅ የአውሮፓ የሒሳብ ሕትመቶች ሁሉ ቀዳሚ የሆነው መጽሐፍም የሦስቱን ሕግ ለነጋዴ እንደ ዋና መሣሪያ አድርጎ ያቀርበዋል። በእንግሊዝ አገር ሮበርት ሬኮርድ በ1543 ባሳተመው መጽሐፉ ወርቃማው ሕግ ብሎታል።

ስያሜው ይገባዋል። በየከተማው መስፈሪያው፣ ሚዛኑና ገንዘቡ ልዩ ልዩ በነበረበት ዘመን፣ ከቬኒስ ጨርቅ ጭኖ የሚነሣ ነጋዴ በደረሰበት ሁሉ ይህን ሕግ ሳይዝ አንዲት ውል ሊዋዋል አይችልም ነበር።

የአሞሌ መንገድ

እንዲህ ያለው ሒሳብ በኢትዮጵያም ገበያ የታወቀ ነበር። ከ1520 እስከ 1526 በአፄ ልብነ ድንግል ዘመን ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር በኢትዮጵያ የቆየው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ፣ በ1540 በታተመው መጽሐፉ ስለ አሞሌ ጨው የጻፈው ለሒሳብ መምህር ታላቅ ምሳሌ ነው። እንደ አልቫሬዝ ገለጻ፣ ጨው በሚወጣበት ቦታ ለአንድ ድራም፣ ይኸውም ለዘመኑ የወርቅ መመዘኛ፣ ከ120 እስከ 130 አሞሌ ይገዛ ነበር። ከዚያ ርቆ በተሄደ ቁጥር ከገበያ ገበያ ብዛቱ እየቀነሰ ሄዶ፣ በንጉሡ ከተማ ለዚያው አንድ ድራም የሚገኘው 6 ወይም 7 አሞሌ ብቻ ነበር።

ይህን በምጣኔ መመልከት ጠቃሚ ነው። በጨዋማው ሜዳ 120 ለ1፣ በንጉሡ ከተማ 6 ለ1 ቢሆን፣ 120 ለ6 ሲካፈል 20 ስለሚሆን፣ አንዱ አሞሌ በመንገድ ላይ ዋጋው 20 እጥፍ አድጓል ማለት ነው። ጨው ያው ጨው ነው፤ ያደገው የግመሉና የበቅሎው ድካም፣ በየኬላው የሚከፈለው ቀረጥና የነጋዴው ትርፍ ነው። በዚህም ላይ ከግብፁ ፔሱ ጋር የሚመሳሰል ነገር ይታያል። «አሞሌ ለአንድ ድራም» የሚለው ቁጥር ሲወርድ፣ «ድራም ለአንድ አሞሌ» የሚለው ይወጣል። ምጣኔ ሁልጊዜ ሁለት ፊት አለው፤ በየትኛው «አንድ» እንደተሰላ ካልተለየ፣ መርከስና መወደድ ይምታታሉ።

አሞሌ እስከ 20ኛው ምዕተ ዓመት መግቢያ ድረስ ከማርያ ቴሬዛ ብር ጎን ለጎን እንደ ዝርዝር ሲያገለግል፣ የአንድ ብር አሞሌ ብዛት በቦታና በወቅት ይለያይ ነበር። ነጋዴው በየደረሰበት ገበያ «አንዱ በስንት ገባኝ? አንዱ በስንት ይወጣል?» እያለ በቃሉ ያሰላ ነበር። ሰሌዳና ጠመኔ አልነበረውም፤ ነገር ግን የሚያሰላው ቁጥር የምን እንደሆነ ለቅጽበት እንኳ አይረሳውም፤ ቢረሳው ይከስራልና።

ፍጥነት ቁጥር እስኪሆን

የነጋዴው ምጣኔ እንዲህ በየገበያው ሲሠራ፣ የኤውክሊድ ክልከላ ግን በሊቃውንት ዘንድ ከኤውክሊድ በኋላ ለ2000 ዓመታት ያህል ጸንቶ ቆየ። ለዚህ ጋሊሌዮ ምስክር ነው። በ1638 በላይደን በታተመው የመጨረሻ መጽሐፉ ስለ እኩል እንቅስቃሴ ሲያስረዳ፣ ፍጥነት ማለት መንገድ ለጊዜ ሲካፈል ነው አይልም። የሚለው፣ አንድ አካል በማይለዋወጥ ፍጥነት ሁለት መንገዶችን ቢጓዝ፣ የሁለቱ ጊዜያት ንጽጽር ከሁለቱ መንገዶች ንጽጽር ጋር እኩል ነው ነው። መንገድ ከመንገድ፣ ጊዜ ከጊዜ፤ ሁለቱ በአንድ ክፍልፋይ አይቀላቀሉም። ዛሬ የ7ኛ ክፍል ተማሪ በአንድ መስመር የሚጽፈውን ጋሊሌዮ በተከታታይ ቴዎረሞች ለማስረዳት የተገደደው በዚህ ምክንያት ነው።

ድንበሩ ቀስ በቀስ ነበር የፈረሰው። በ1631 ዊልያም ኦትሬድ ለወደር፣ ማለትም ለሁለት ንጽጽሮች እኩልነት፣ የአራት ነጥብ ምልክት አስተዋወቀ። ሌብኒዝ ደግሞ በዚያው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ለንጽጽርና ለማካፈል ሁለት የተለያየ ምልክት አያስፈልግም ብሎ ለሁለቱም ሁለት ነጥብን ተጠቀመ። ንጽጽር «ግንኙነት» መሆኑ ቀርቶ «ቁጥር» መሆን ጀመረ። ያም ሆኖ በ1743 ዣን ለ ሮን ዳላምቤር ስለ እንቅስቃሴ ሕግጋት በጻፈው መጽሐፉ፣ ቦታንና ጊዜን የመሰሉ ባሕርያቸው የተለያየ ነገሮችን በቀጥታ ማነጻጸር እንደማይቻል፣ ማነጻጸር የሚቻለው የጊዜ ክፍሎችን ንጽጽር ከመንገድ ክፍሎች ንጽጽር ጋር መሆኑን ማሳሰብ አስፈልጎታል። መፍትሔውም አሐድ መምረጥ ሆነ። ጊዜው ስንት ሰዓት፣ መንገዱ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሆነ በቁጥር ከተገለጸ በኋላ ቁጥር ለቁጥር ይካፈላል፤ ውጤቱም «በአንድ ሰዓት» ይባላል። የአንዱ ምጣኔ፣ የጋጋሪውና የነጋዴው መሣሪያ፣ በዚህ መንገድ ወደ ሊቃውንቱ አዳራሽ ገባ።

ሽምደዳና ማስተዋል

በትምህርት ቤት ግን ሌላ ታሪክ ይካሄድ ነበር። ከ16ኛው እስከ 19ኛው ምዕተ ዓመት በአውሮፓና በአሜሪካ የሦስቱ ሕግ የሒሳብ ትምህርት ጫፍ ሆኖ ቆየ። አብርሃም ሊንከን በ1859 ስለ ሕይወቱ በጻፈው አጭር ማስታወሻ፣ የትምህርቱን ልክ የገለጸው ማንበብ፣ መጻፍና እስከ ሦስቱ ሕግ ድረስ ማስላት እንደሚችል በመናገር ነበር። ከዚያ በላይ የሚማር ጥቂት ነበረና አነጋገሩ ለሁሉ ግልጽ ነው። የማስተማሪያው መንገድ ግን ሽምደዳ ነበር። ሕጉ በቃል ይያዛል፤ ምሳሌ ይገለበጣል፤ ምክንያት አይጠየቅም።

በዚህ ላይ ከተነሡት አንዱ ዋረን ኮልበርን ነው። የስዊሱን መምህር የፔስታሎዚን ፈለግ ተከትሎ በ1821 በቦስተን ባሳተመው የመጀመሪያ የሒሳብ መጽሐፉ፣ ልጁን ከሕግ ሳይሆን ከጥያቄ ያስጀምረዋል፤ አንዱ ይህን ያህል ቢሆን ሁለቱስ? ሦስቱስ? ይህን ያህሉ በዚህ ቢገዛ አንዱ በስንት ይገዛል? በተከታዩ መጽሐፉም የሦስቱን ሕግ ባሕርይ ለመረዳት የበቃ ተማሪ ያለ ሕጉ የተሻለ ይሠራል፣ ሕጉ ነገሩን ከማብራት ይልቅ ያጨልመዋል የሚል አቋም ወስዷል። በዚያው ምዕተ ዓመት በፈረንሳይና በእንግሊዝ መማሪያ መጻሕፍትም «ወደ አንድ የመመለስ ዘዴ» የሚባለው አሠራር ስፍራ እያገኘ መጣ። አሕሞስ በፓፒረስ ላይ የጻፈው፣ ከ3000 ዓመታት በኋላ እንደ አዲስ የማስተማሪያ ዘዴ ተመልሶ ገባ ማለት ነው።

ሆኖም ሽምደዳው ስሙን ለወጠ እንጂ አልጠፋም። ሦስቱ ሕግ ከመጻሕፍት ሲወጣ «በመስቀል ማባዛት» በስፍራው ተተካ፤ ከበስተኋላው ያለውም ጥያቄ እንደነበረ ቆየ።

የልጆች መልስ

በ20ኛው ምዕተ ዓመት ሁለተኛ አጋማሽ ተመራማሪዎች ጥያቄውን ወደ ልጆቹ ራሳቸው መለሱት። በ1970 ሮበርት ካርፕላስና ባልደረባቸው ባወጡት ጥናት ለተማሪዎች የሁለት ሰዎች ሥዕል ጉዳይ ቀርቦላቸዋል። አጭሩ ሰው በትልልቅ ቁልፎች ሲለካ 4፣ ረጅሙ 6 ይሆናል። አጭሩ በወረቀት ማያያዣ ሽቦ ሲለካ 6 ከሆነ ረጅሙ ስንት ይሆናል? ትክክለኛው መልስ 9 ነው። ብዙዎች ግን 8 ብለው መለሱ፤ ምክንያታቸውም ረጅሙ በቁልፍ በ2 ስለበለጠ በሽቦም በ2 ይበልጣል የሚል ነው። ይህ ስህተት የማባዛት ችሎታ ጉድለት አይደለም። ልጁ ጥያቄውን የተረዳው በመብለጥ ነው፤ በእጥፍ አልተመለከተውም። እንዲህ ለሚያስብ ልጅ በመስቀል የማባዛትን ሥርዓት መስጠት፣ ያላየውን ነገር በጭፍን እንዲያሰላ ማድረግ ነው።

በ1981 በእንግሊዝ ካትሊን ሃርት ከ11 እስከ 16 ዓመት ስለሆኑ ተማሪዎች ባሳተሙት ጥናት፣ ተማሪዎቹ የተማሩትን ቀመር እምብዛም እንደማይጠቀሙበት ታየ። ከቀመሩ ይልቅ በእጥፍ፣ በግማሽና በመደመር ወደ መልሱ ይደርሱ ነበር።

ከሁሉ ይልቅ ልብ የሚነካው በ1985 ከብራዚል የወጣው ጥናት ነው። ተመራማሪዎቹ ቴሬዚኛ ካራሄር፣ ዴቪድ ካራሄርና አናሉሲያ ሽሊማን በሬሲፌ ከተማ በመንገድ ላይ የሚሸጡ 5 ልጆችን እንደ ገዢ ቀርበው ሒሳብ አሠሯቸው፤ በኋላም ያንኑ ሒሳብ በትምህርት ቤት መልክ በወረቀት ሰጧቸው። በገበያው ከመልሶቻቸው 98 በመቶው ትክክል ሲሆን፣ በወረቀት በቀረበው ባዶ ስሌት ግን 37 በመቶ ገደማ ብቻ ነበር። አንድ የ12 ዓመት ልጅ አንዱን ኮኮነት በ35 ክሩዜሮ ይሸጥ ነበር። 4 ሲጠየቅ የ3ቱን ዋጋ፣ 105ን፣ መነሻ አድርጎ 35 ጨመረና 140 አለ። በወረቀት 35ን በ4 እንዲያባዛ በታዘዘ ጊዜ ግን የተማረውን ሥርዓት አቀላቅሎ 200 ጻፈ። በገበያ እያንዳንዱ 35 ለእርሱ አንድ ኮኮነት ነበረ፤ በወረቀት ላይ ግን 35 የማንም አልነበረም።

የ240 ባለቤት

ከዚህ ረጅም ታሪክ የሚወጣው ትምህርት የመስቀል ስሌት ይወገድ የሚል አይደለም። ቻይናዊውና ሕንዳዊው ሊቅ ማካፈሉን ለመጨረሻ ያቆዩት በቂ ምክንያት ኖሯቸው ነው፤ አሠራሩም ከዓለም ዳርቻ እስከ ዳርቻ ነጋዴን አገልግሏል። ታሪኩ የሚያስገነዝበው የቅደም ተከተልን ጉዳይ ነው። በታሪክ አስቀድሞ የመጣው በእጅ የሚሰፈር የአንዱ ምጣኔ ነው፤ አቋራጩ ከእርሱ በኋላ የመጣ ነው። አቋራጩ ጠቃሚ የሆነው ዋናውን መንገድ ለሚያውቅ ነው። ዋናውን መንገድ ሳያይ አቋራጩን የተሰጠ ልጅ፣ ቢሳሳት መሳሳቱን የሚያውቅበት ምልክት የለውም።

እንዲሁም ልጁ ብርን ለክንድ ማካፈል ግራ ቢያጋባው፣ ያው ነገር እስከ ጋሊሌዮ ያሉ ሊቃውንትን ያሳሰበ መሆኑን ማስታወስ የመምህሩን ትዕግሥት ያሰፋል። ከንጽጽር ወደ ምጣኔ የሚደረገው ሽግግር 2000 ዓመታት የፈጀ ስለሆነ፣ በአንድ ክፍለ ጊዜ ካልተፈጸመ የሚያሳፍር አይደለም።

መጀመሪያ የተነሣው ጥያቄም መልስ አለው። ነጋዴው ጨርቁን እያንዳንዱ 4 ክንድ በሆነ ጥቅል እየሸጠ፣ የአንዱ ጥቅል ዋጋ 12 ብር ቢሆን፣ 20 ጥቅል 240 ብር ያወጣል። 240 እንግዲህ ብር ነው፤ የ80 ክንድ ዋጋ ነው። ገዢው የፈለገው ግን 20 ጥቅል ሳይሆን 20 ክንድ ስለሆነ፣ የሚከፍለው የዚህን አንድ አራተኛ፣ 60 ብር ነው። ይህን በራሱ አንደበት የሚያስረዳ ተማሪ በመስቀል ቢያባዛም ሆነ ወደ አንድ ቢመልስ፣ በእጁ ያለውን ቁጥር ባለቤት ያውቃል።